«በኒቅያ በድምፅ ብልጫ አምላክ ተባለ» የሚለው ወሬ ከየት መጣ?

በፋሲካ ማግስት ቤታችን ቡና ተፈልቶ ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ኢየሱስ አምላክ ነው የተባለው በኒቅያ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ የያዘችውን ሲኒ አስቀምጣ አማተበች። ልጁ የጠየቀው ለማፌዝ አልነበረም። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ የሚደግም ልጅ ነው፤ ያየው አጭር ቪዲዮ አስጨንቆት ነው። ቪዲዮውን አብረን አየነው። ተናጋሪው የሚደረድራቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ከዓመታት በፊት በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ አንብቤአቸዋለሁ። የእህቴ ልጅ ያንን መጽሐፍ በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ መጽሐፉ በዕድሜ ይበልጠዋል።

መጽሐፉ የአሜሪካዊው ደራሲ የዳን ብራውን «ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ» ነው። በ2003 ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በአሥር ሚሊዮኖች ቅጂ ተሸጠ፣ በ2006 ደግሞ በቶም ሃንክስ መሪ ተዋናይነት ፊልም ሆነ። ታሪኩ ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ሙዚየም ውስጥ በሚፈጸም ግድያ ይጀምራል። አንድ ፕሮፌሰርና አንዲት የፖሊስ ባለሙያ ምልክት እየፈቱ ሲሮጡ የሚደርሱበት ምስጢር ይህ ነው፦ ኢየሱስ መግደላዊት ማርያምን አግብቶ ዘር አስቀርቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን ደብቃለች፤ አንድ ኅቡእ ማኅበር ደግሞ ምስጢሩን ለዘጠኝ መቶ ዓመታት ጠብቆታል።

ልብ ወለድ የፈለገውን ቢያስብ መብቱ ነው፤ በዚህ ከደራሲው ጋር ጠብ የለኝም። ጠንቁ ያለው ከታሪኩ በፊት በተቀመጠች አንዲት ገጽ ላይ ነው። ገጿ «እውነታ» የሚል ርእስ አላት። የጽዮን ማኅበር በ1099 የተመሠረተ እውነተኛ ድርጅት መሆኑን፣ በ1975 በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተገኙ ብራናዎች ኒውተንን፣ ቪክቶር ሁጎንና ሊዮናርዶን የማኅበሩ አባላት አድርገው እንደሚዘረዝሩ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት የሥነ ጥበብ፣ የሕንጻ፣ የሰነድና የምስጢራዊ ሥርዓት ገለጻዎች ሁሉ ትክክል መሆናቸውን ትናገራለች። ይህን የሚለው ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ ደራሲው በራሱ አንደበት ነው። አንባቢው ጥርጣሬውን እዚያች ገጽ ላይ አስቀምጦ ይገባል፤ ብዙዎች ሲወጡ አላነሱትም።

ከማኅበሩ እንጀምር። «የጽዮን ማኅበር» የሚባል ድርጅት በእርግጥ ነበረ። የተቋቋመው ግን በመስቀል ጦረኞች ዘመን በኢየሩሳሌም ሳይሆን በ1956 በፈረንሳይ፣ ከስዊዘርላንድ ድንበር አጠገብ በምትገኘው በአነማስ ከተማ ነው። በአካባቢው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት እንደማንኛውም የሲቪክ ማኅበር በሕግ ተመዘገበ። ስሙም የተያያዘው ከቅድስቲቱ ጽዮን ጋር ሳይሆን በዚያው አካባቢ ካለው ሞን ሲዮን ከሚባል ተራራ ጋር ነው። የነገሩ ሁሉ አድራጊ ፈጣሪ ፒየር ፕላንታር የሚባል ሰው ሲሆን፣ ራሱን በ8ኛው ክፍለ ዘመን ዙፋናቸውን ያጡት የጥንቶቹ የፈረንሳይ ነገሥታት፣ የሜሮቪንጂያኖች፣ ወራሽ አድርጎ ማሳየት ይፈልግ ነበር። የንጉሥ ዘር ነኝ የሚል ሰው የዘር ሐረግ ቁጠር መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ወዳጁ ፊሊፕ ደ ሼሪሴ ጥንታዊ የሚመስሉ ጽሑፎችን አዘጋጀለት፤ የማኅበሩን «ታላላቅ መሪዎች» ስም የያዘ ጥራዝም በ1967 በፓሪሱ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ተደረገ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ልብ ወለዱ «ተገኘ» ያለው ሰነድ የተቀመጠ ሰነድ ነው። ብራናም አይደለም፤ በታይፕ የተመታ ወረቀት ነው። ቤተ መጻሕፍት የተሰጠውን ተቀብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ መደርደሪያ ላይ ያኖራል፤ የመደርደሪያው ቁጥር በወረቀቱ ላይ ስለተጻፈው ነገር እውነትነት ምንም አይመሰክርም። በ1993 ፕላንታር ከአንድ የሙስና ምርመራ ጋር በተያያዘ ዳኛ ፊት ቀርቦ የፈጠራ ሥራውን አምኗል። በ2000 ሞተ። ልብ ወለዱ የታተመው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው።

ከጎኑ የቆመው የሬን ለ ሻቶው ቄስ ታሪክም እንዲሁ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ መንደር ያገለግል የነበረው ቤራንዤ ሶኒዬር ድንገት ባለጸጋ የሆነው የተቀበረ ምስጢር አግኝቶ ነው ይባላል። የገዛ ሀገረ ስብከቱ ፍርድ ቤት ጉዳዩን መርምሮ የደረሰበት ከዚህ ያነሰ ነገር ነው፦ ሰውየው ሊቀድሰው ከሚችለው እጅግ ለሚበዛ ቅዳሴ ከየአቅጣጫው ገንዘብ ይቀበል ነበር። የውድ ሀብቱን ወሬ በ1950ዎቹ ያራገበው ደግሞ የቄሱን ቤት ገዝቶ ሆቴልና ምግብ ቤት የከፈተ፣ እንግዳ የሚፈልግ ሰው ነው።

እነዚህን ሁሉ አያይዘው በ1982 «ታሪክ» ብለው በመጽሐፍ ያወጡ ሦስት ጸሐፊዎች ነበሩ። ሁለቱ በኋላ ሐሳባችንን ወሰደብን ሲሉ የዳን ብራውንን አሳታሚ ለንደን ላይ ከሰሱ፤ በ2006 ተረቱ። ያ ክስ ብዙ ያስተምራል። የተጻፈው በእርግጥ የሆነ ታሪክ ከሆነ ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ታሪክ የግል ንብረት አይሆንም።

ጥቃቅኖቹን በፍጥነት ልለፋቸው። የሉቭር የመስታወት ፒራሚድ 666 መስታወት አለው ይላል መጽሐፉ፤ ሙዚየሙ የሚሰጠው ቁጥር 673 ነው። በቅዱስ ሱልጲስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ያለው የናስ መስመር የአረማውያን ቅሪት ነው ይላል፤ መስመሩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ የፀሐይን አካሄድ ተከትሎ የፋሲካን ቀን ለማስላት የሚያገለግል የሥነ ፈለክ መሣሪያ ነው፣ ለእኛ ለባሕረ ሐሳብ ሰዎች እንግዳ ያልሆነ ሥራ። ቤተ ክርስቲያን 5 ሚሊዮን ሴቶችን ጠንቋይ ብላ አቃጠለች ይላል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግምት ከ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ ሲሆን ከሟቾቹ መካከል ወንዶችም አሉ። ይህኛው ቁጥር አሳንሶ የሚታይ አይደለም፤ ለእነዚያ ሰዎች እውነተኛው ቁጥራቸው ይበቃቸዋል።

ሥዕሉ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰዎች በዓይናቸው ያዩ ስለሚመስላቸው ክርክሩ ከባድ ነው። ሊዮናርዶ የመጨረሻውን እራት ከ1495 እስከ 1498 ባለው ጊዜ ሚላኖ በሚገኝ ገዳም የመመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሣለው። ቀለሙን በደረቅ ግድግዳ ላይ ስላኖረው ገና ብዙ ሳይቆይ መርገፍ ጀመረ፤ በ1999 የተጠናቀቀው እድሳት ብቻውን ሃያ ዓመት ፈጅቷል። ልብ ወለዱ ከጌታ ቀኝ የተቀመጠው ጢም የሌለው ሰው ሴት ነው፣ መግደላዊት ናት ይላል። ይህ ከሆነ ዮሐንስ የት ሄደ? በማዕዱ ዙሪያ ከጌታ በቀር አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው። በፍሎሬንስ የሥዕል ልማድ ትንሹ ሐዋርያ ዮሐንስ ለስላሳ ፊት ያለው ወጣት ተደርጎ ይሣላል። በእኛም የስቅለት ሥዕሎች ከመስቀሉ ሥር የሚቆመውን ዮሐንስን ብዙ ጊዜ ጢም የሌለው ጎልማሳ ሆኖ እናየዋለን።

የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 13 ገልጦ ሥዕሉን ማየት ይበቃል። «ከእናንተ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል» የሚለው ቃል ገና ከመነገሩ ሐዋርያቱ እንደ ማዕበል ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ጴጥሮስ ወደ ዮሐንስ ማጋደሉ መግደላዊትን ለማስፈራራት ሳይሆን ወንጌሉ እንደሚለው «ስለ ማን እንደ ተናገረ» እንዲጠይቅለት ነው። በእጁ ያለው ቢላዋም በዚያች ሌሊት በጌቴሴማኒ የሚቆረጠውን ጆሮ ያስታውሳል። አንድ ትልቅ ጽዋ መሐል ላይ አለመኖሩም አያስደንቅም፤ የዮሐንስ ወንጌል በዚያ እራት ስለ ጽዋ አይተርክም።

ከሥዕሉ ወደ ጽሑፉ። በ1945 በላይኛው ግብፅ፣ በናግ ሐማዲ አካባቢ፣ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፉ 13 ጥራዞች ተገኙ። ከመካከላቸው «የፊልጶስ ወንጌል» የሚባለው መግደላዊትን የኢየሱስ «ባልንጀራ» ይላታል። የልብ ወለዱ ምሁር ገጸ ባሕርይ በልበ ሙሉነት «ማንኛውም የአራማይክ ሊቅ እንደሚነግራችሁ ይህ ቃል በዚያ ዘመን ሚስት ማለት ነው» ይላል። ጽሑፉ አራማይክ አይደለም። ቅብጥ ነው፤ ቃሉ ደግሞ ቅብጡ ከግሪክ የተዋሰው «ኮይኖኖስ» ነው። ኮይኖኖስ ተካፋይ፣ ሸሪክ፣ ባልንጀራ ማለት ነው። ሉቃስ በምዕራፍ 5 ቁጥር 10 ያዕቆብና ዮሐንስ በዓሣ ማጥመድ ሥራ የስምዖን ባልንጀሮች እንደነበሩ ሲናገር በግሪኩ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። በዚያ ንባብ ሚስት አትገኝም።

እዚያው ገጽ ላይ ኢየሱስ መግደላዊትን «ይስማት ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ምኗን? ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል። ቃሉ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ቀዳዳ ነው። «አፏን» የሚለውን የሞሉት በእኛ ዘመን ያሉ አዘጋጆች ናቸው፤ ግንባሯን፣ እጇን፣ ጉንጯን ብሎ መሙላትም ይቻላል። ያው ጽሑፍ ፍጹማን በመሳሳም መንፈሳዊ ጸጋን ይቀባበላሉ ብሎ ያስተምራል፤ ስለ ትዳር እያወራ አይደለም። ሚሊዮኖች ሰምተው የተደናገጡበት ታሪክ በአንዲት የተቀደደች ወረቀት ላይ ቆሟል፤ ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል።

መጽሐፉ በአንድ ነገር ልክ ነው፤ መደበቅም የለበትም። መግደላዊት ማርያም በምዕራቡ ዓለም በደል ደርሶባታል። የሮም ፓፓ ጎርጎርዮስ ቀዳማዊ በ591 ባሰማው ስብከት እርሷን፣ የአልዓዛርን እኅት ማርያምንና በሉቃስ ወንጌል ጌታን ሽቱ የቀባችውን ኃጢአተኛ ሴት አንድ አደረጋቸው፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሺህ ዓመት ከሦስት መቶ በላይ መግደላዊት ዘማ ሆና ተሰበከች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን በ1969 አርማለች። ወንጌል ስለ እርሷ የሚለው ሰባት አጋንንት እንደወጡላትና የትንሣኤው የመጀመሪያ ምስክር እንደሆነች ነው። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ግን ይህን ድብልቅ አልተቀበሉም። በግእዝም ሽቱ የቀባችው «ማርያም እንተ ዕፍረት» በሌላ ስም ትጠራለች፣ መግደላዊትም በሌላ። ስለዚህ ልብ ወለዱ «ቤተ ክርስቲያን ስሟን አጠፋች» ሲል የሚናገረው ስለ አንድ አቅጣጫ ክርስትና ነው፤ ስለ ሁሉም አድርጎ አቀረበው።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ጥያቄ። እንደ ልብ ወለዱ አነጋገር ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ325 በኒቅያ ጉባኤ ጠርቶ፣ እስከዚያ ድረስ ተራ ነቢይ የነበረውን ኢየሱስን በጠባብ የድምፅ ልዩነት አምላክ አስባለው፤ የማይስማሙትን ወንጌሎች አቃጥሎ አዲስ መጽሐፍ ቅዱስ አዘጋጀ።

በኒቅያ የቀረበው ጥያቄ «ኢየሱስ ሰው ነው ወይስ አምላክ?» የሚል አልነበረም። ጉባኤው የተጠራበት የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ራሱ ክርስቶስ ተራ ሰው ነው አላለም፤ ከዘመናት በፊት የተፈጠረ፣ ከፍጥረት ሁሉ የሚበልጥ ነው አለ። «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» የሚለው የጸሎተ ሃይማኖት ቃል በቀጥታ የሚመልሰው ለዚህ ነው። ከጉባኤው ሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ በ112 ገደማ፣ ክርስቲያን ያልሆነው የሮም ገዥ ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥት ትራያን ሲጽፍ ክርስቲያኖች በማለዳ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ብሎ ሪፖርት አድርጓል። የድምፁ ልዩነትም ጠባብ አልነበረም፤ ሁለት የሊቢያ ጳጳሳት ብቻ ከአርዮስ ጋር ቀሩ። በነገራችን ላይ ሠለስቱ ምዕት ወአሠርቱ ወሰመንቱ የምንላቸው የ318ቱ አባቶች ቁጥር ከአብርሃም 318 ሎሌዎች ጋር ተያይዞ በትውፊት የጸና ነው፤ በጉባኤው የነበረው የቂሳርያው ጳጳስና የታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ የሚሰጠው ቁጥር ከዚህ ያንሳል። የራሳችንንም በዚሁ ሚዛን መመዘን ስላለብን ነው ይህን የምጨምረው።

በግሪክ የተጠበቁት የጉባኤው ቀኖናዎች 20 ሲሆኑ ስለ ክህነት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ሥርዓት ይናገራሉ፤ የመጻሕፍት ዝርዝር የለባቸውም። ወሬው የበቀለበት ዘር ሌላ ነው፦ ቆስጠንጢኖስ ለአዲሲቱ ከተማው አብያተ ክርስቲያናት 50 የመጽሐፍ ቅዱስ ቅጂ እንዲያጽፍ አውሳብዮስን አዝዞ ነበር። ማጻፍና መፍጠር ግን አንድ አይደሉም። የሊዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ «ወንጌል አራት ነው» ብሎ የተከራከረው በ180 ገደማ፣ ቆስጠንጢኖስ ከመወለዱ ወደ አንድ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ከጉባኤው በኋላ የሆነው ነው። ቆስጠንጢኖስ በ337 በሞት አልጋው ላይ የተጠመቀው አርዮስን ይደግፍ በነበረው ጳጳስ እጅ ነው። ልጁ ቆስጠንጢዮስ ደግሞ በግልጽ የኒቅያን ወገን አሳደደ፤ የእስክንድርያው አትናቴዎስ በሕይወቱ አምስት ጊዜ ተሰደደ። ቤተ መንግሥት ለሥልጣኑ ሲል የፈጠረው ትምህርት ቢሆን ኖሮ ያው ቤተ መንግሥት ትምህርቱን ለማጥፋት ያን ያህል ዓመት ባልደከመ ነበር።

በዚህ ትግል ውስጥ አክሱም አለች። አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ ሾመ። በ356 ገደማ ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፦ ፍሬምናጦስን ቶሎ ወደ ግብፅ መልሱት፣ እምነቱ ይመርመር። ደብዳቤው አትናቴዎስ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ቃል በቃል ተገልብጦ እስከ ዛሬ ይነበባል። አክሱም ጳጳሷን እንደላከች የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የሮም ንጉሠ ነገሥት ትእዛዙን በአክሱም የሚያስፈጽም ሠራዊት አልነበረውም። ታዲያ ሮም አራት ወንጌል አስቀርታ ሌላውን አቃጠለች የሚለን ሰው ከሮም ግዛት ውጭ በነበረችው በአክሱም ምን ተገኘ ብሎ ይጠይቅ። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ውስጣቸው ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ነው። የመግደላዊት ሠርግ የለበትም።

ለልጁ ይህን ሁሉ ስነግረው ደስ አለው፤ ወዲያውም ሌላ ቪዲዮ ከፈተልኝ። «ቫቲካን የደበቀችው የኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ» ይላል። 88 መጻሕፍት ያሉት፣ የዓለም ጥንታዊው፣ ነጮች እንዳይነበብ የከለከሉት። ያው ልብ ወለድ ነው፤ የእኛን ልብስ ለብሶ መጣ። ይህኛው ስለሚያሞግሰን ከፊተኛው ይልቅ ያሰጋኛል፤ የፊተኛውን ሲሰማ ያማተበ ሰው ሁሉ ይህኛውን በኩራት ያጋራል።

ቤተ ክርስቲያናችን የምትቆጥረው 81 ነው። የገሪማ ወንጌሎች በሥዕል ካጌጡ የዓለም ወንጌሎች እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት መካከል ናቸው፤ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ግን አይደሉም፣ ከእነርሱ የማያንስ ዕድሜ ያለው አንድ የግሪክ መጽሐፍ ቅዱስም በዚያው በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት አለ። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግእዝ ነው፤ በዚህ ብንኮራ ይገባናል። የተደበቀ መጽሐፍ ግን አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ በ1773 አውሮፓ ገባ፤ በ1821 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ፤ በአራማይክ የተጻፈ ቁርጥራጩ በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በቁምራን ዋሻ ውስጥ ሲገኝ ጥንታዊነቱ ተረጋገጠ። ምዕራቡ ሄኖክን ያጣው ሊቃውንቱ ሲከራከሩበት ቆይተው ቀስ በቀስ መገልበጥ ስላቆሙ ነው፤ መጽሐፍ የሚጠፋበት የተለመደ መንገድ ይኸው ነው።

ቫቲካንን በተመለከተ ደግሞ ለልጁ የነገርኩት የአባ ተስፋ ጽዮንን ታሪክ ነው። በግራኝ ጦርነት ዘመን ከደብረ ሊባኖስ ተሰደው ሮም ገቡ። ማረፊያቸው ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ ለሐበሻ መነኮሳት የተሰጠው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነበር። እዚያ ሆነው፣ በፓፓው ድጋፍ፣ በ1548 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ማተም ጀመሩ። «ተደበቀ» በሚባልበት ቤት ደጃፍ፣ የግእዝ ፊደል በእርሳስ ተቀርጾ፣ ቅጂው ለፈለገ ሁሉ ይወጣ ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ አባ ተስፋ ጽዮን ለስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ፦ ፊደል የሚለቅሙት ሠራተኞች ግእዝ ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ማተም አናውቅም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተን ሠራነው ይላሉ።